የቢፒአር ቀመር የሚሰጥሽ ደቂቃ ለምን ከእውነቱ አነሰ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ለመመረቂያሽ ከመገናኛ በሃያ ሁለት አድርጎ ወደ ኡራኤል የሚወስደውን መንገድ ይዘሽ፣ የማታውን መኪና ቆጥረሽ በቢፒአር ቀመር (ከመኪናው ብዛት የጉዞውን ጊዜ በሚገምተው) ስትሰሪው የሚመጣልሽ ደቂቃ ሰው ታክሲ ውስጥ ከሚቀመጠው በጣም አነሰብሽ፣ እና ቀመሩ ውስጥ ያሉትን ቋሚ ቁጥሮች፣ 0.15ን እና 4ን፣ ልቀያይራቸው ወይ ነው ያልሽው። ኧረ በፍጹም አሁን እንዳትነኪያቸው። እኔም እዚሁ ላይ ተጣብቄ ሁለት ወር አጥፍቻለሁ።

ቀመሩ በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። የመኪናውን ብዛት ለመንገዱ አቅም (በሰዓት ሊያሳልፍ ለሚችለው) አካፍለሽ፣ አራተኛ ኃይሉን ወስደሽ፣ በ0.15 መትተሽ 1 ትደምሪበትና በባዶ መንገድ ጊዜ ታበዢዋለሽ። መንገዱ ግማሽ ሲሞላ የሚጨምረው 1 ፐርሰንት እንኳን አይሆንም፣ ሙሉ አቅሙ ላይ ሲደርስ ደግሞ 15 ፐርሰንት ነው፣ በቃ።

ግን ያንቺ ችግር ከቀመሩ በፊት ቆጠራው ላይ ይመስለኛል። እኔ ወረቀትና እርሳስ ይዤ መብራት ጋ ቆሜ በየ5 ደቂቃው ጭረት ስይዝ ነበር፣ 11 ሰዓት ላይ ጭረቱ ሙሉ ነው፣ 11፡30 ሲሆን ግን እየቀነሰ መጣ፣ ሰልፉ ደግሞ ጫፉ እስከማይታይ ረዝሟል። ደክሞኝ እየዘለልኩ ነው ብዬ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ለካ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከመብራቱ አለፍ ብሎ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፣ ኋላው ያለው መኪና መስቀለኛውን ማለፍ አልቻለም፣ አረንጓዴው አራት መኪና ብቻ አሳልፎ ጠፋ። ቤት ገብቼ ኤክሴል ላይ ስከተው ቀመሩ መንገዱ ቀለል ብሏል አለኝ፣ ልክ ሰዉ ከታክሲ እየወረደ በእግሩ በሚሄድበት ሰዓት! እኔ የቆጠርኩት ያለፈውን መኪና ነው፣ ቀመሩ የሚፈልገው ግን ለማለፍ የመጣውን ነው።

በቁጥር እዪው። አንድ ሌን አረንጓዴው ባይቋረጥ በሰዓት 1,800 መኪና ያሳልፋል እንበል፣ ከ90 ሰከንድ 30ው አረንጓዴ ከሆነ 600 ይቀራል። በአንድ ሰዓት 720 ቢመጣ 120 መኪና ሰልፍ ላይ ይተርፋል፣ መጨረሻ የመጣው ሰው ሰልፉን ለመጨረስ ብቻ 12 ደቂቃ ይቆማል። ቢፒአር ግን 2 ደቂቃ ለሚፈጅ መንገድ 2.6 ይልሻል። 0.15ን በምን ያህል ብትቀይሪው ነው ይሄን የምትሞዪው? ላንዱ ቀን ቢገጥምልሽ ለነገው አይገጥምም፣ ምክንያቱም ሰልፍ ባለፈው ሰዓት ላይ ይደመራል፣ ቀመሩ ደግሞ ያለፈውን አያስታውስም።

ስለዚህ ሁለት ሰው አቁሚ፣ አንዱ መብራቱ ጋ፣ ሌላው ከሰልፉ ጭራ ኋላ የሚመጣውን የሚቆጥር። ሚኒባስ ስንት ሰከንድ ሌን እንደያዘ መዝግቢ፣ ያንን ከአቅሙ ላይ ቀንሺ። ትራፊክ ፖሊስ በእጁ የሚያስተናግድበት ቦታ ከሆነ የመብራቱን ሰዓት አትመኚ፣ ራስሽ በስልክሽ ያዢው፣ አንዳንዴ አንዱን አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ይለቃል። ባዶውን ጊዜ ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጂፒኤስ ከፍተሽ ነድተሽ ለኪ እንጂ ከፍጥነት ወሰኑ አታስይው። መብራት ላይ የሚቆምበትን ጊዜ የሚያሰላው የዌብስተር የ1958 ቀመር ጥሩ ነው ግን የሚመጣው ከአቅም በታች ሲሆን ብቻ ነው፣ ሲያልፍ ከላይ እንደሰራሁት ሰልፉን በየ5 ደቂቃው ደምሪ።

አማካሪሽ የግድ ቢፒአር ካለሽ የመጣውን ቁጥር አስገቢና የቢፒአሩንና የሰልፉን ውጤት ጎን ለጎን አሳዪው። ሰልፉ ከኋላው ያለው መብራት ድረስ ከደረሰ ግን ሁለቱን መስቀለኞች ለየብቻ እንዳትሰሪያቸው፣ የፊተኛው ሰልፍ የኋለኛውን አቅም እየበላ ነው። የቆጠራ ወረቀትሽን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።