ከእኩል ምልክቱ ወዲህና ወዲያ፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡት የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች የፈተና ወረቀት በተመለሰ ማግስት የተጻፉ ይመስላሉ፤ ግማሾቹ ተቆጥተዋል። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ቁጣውንም በመጠኑ ቀንሼዋለሁ።

ከአዘዞ አንዲት እናት። ልጃቸው ሁለተኛ ክፍል ነው። 8 + 4 = ☐ + 5 የሚል ጥያቄ ቀርቦለት ሳጥኑ ውስጥ 12 ጻፈ፤ መምህሯ በቀይ ሰረዘችበት። «እኔም አይቼ 12 ነው አልኩ፤ አባቱም 12 ነው አለ። ሦስታችን ተሳስተን ነው ወይስ መምህሯ?»

ሦስታችሁ ተሳስታችኋል። ነገር ግን ብዙ ጓደኛ አላችሁ። ይህ ጥያቄ በሌላ አገርም ለሕፃናት ሲቀርብ የሚበዛው መልስ 12 ነው፤ ያዩትን ቁጥር ሁሉ ደምረው 17 የሚሉም አሉ። ትክክለኛው 7 ነው፤ በግራ 12፣ በቀኝም 7 እና 5 ተደምረው 12።

ልጅዎ መደመር አልጠፋበትም፤ 8 እና 4 ስንት እንደሚሆኑ በደንብ አውቋል። የጠፋበት የእኩል ምልክቱ ሥራ ነው። ለእርሱ ምልክቱ «በል አሁን መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። ይህን ያስተማርነው እኛው ነን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 3 + 2 = ☐፣ 6 − 1 = ☐ እያልን ሥራውን ሁልጊዜ በግራ፣ መልሱን ሁልጊዜ በቀኝ እናስቀምጣለን። ልጁ በመቶ የሚቆጠር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሠራ በኋላ ምልክቱን እንደ ትእዛዝ ቢያየው ምን ይገርማል? ምልክቱ የሚናገረው ግን በግራ ያለውና በቀኝ ያለው መጠን አንድ መሆኑን ብቻ ነው።

ስለዚህ ደብተሩን ለጊዜው ይዝጉና «እውነት ወይስ ሐሰት» ይጫወቱ። 5 + 3 = 8 ብለው ይጻፉ፤ «እውነት» ይላል። ቀጥለው 8 = 5 + 3 ይጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች «ተገልብጦ ተጽፏል» ብለው ይቃወማሉ። 7 = 7 ሲመጣማ «የሚደመር የለም እኮ!» ብለው ይቆጣሉ። ይቆጡ፤ ለምን ሐሰት እንዳሉት እንዲያስረዱዎት ይጠይቋቸው እንጂ ወዲያው አያርሟቸው። ከዚያ 6 + 2 = 8 + 1 ይጻፉ። ልጅዎ 8ን እንዳየ «እውነት» ካለ ገና ነው፤ እስከ መጨረሻው አንብቦ «በቀኝ አንድ ይበልጣል» ካለ ነገሩ ገብቶታል።

ይህ ከገባው በኋላ ሌላ በር ይከፈትለታል። በ8 + 4 = ☐ + 5 ላይ ምንም ሳይደምር 7 ማለት ይችላል፤ 5 ከ4 በአንድ ስለሚበልጥ የጎደለው ቁጥር ከ8 በአንድ ያንሳል። በዚህ ዘዴ 47 + 29 = ☐ + 30 በቃል ይሠራል፤ 46 ነው። በመቀነስ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። 15 − 8 = ☐ − 10 ብትሉት የመደመሩን መንገድ ተከትሎ 13 ሊል ይችላል። የሚቀነሰው በሁለት ከጨመረ የሚቀነስበትም ቁጥር በሁለት መጨመር አለበት፤ ስለዚህ 17 ነው። በቃል ከምታስረዱት ይልቅ ከ15 ቆርኪ 8፣ ከ17 ቆርኪ 10 እንዲያነሳና የቀረውን እንዲያነጻጽር አድርጉት።

መምህሯን አመስግኑልኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፈተና ላይ የምታወጣ መምህር በየቦታው አትገኝም።

የማራኪ ነዋሪ የሆነ ወጣት። ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ለታናሽ እህቱ ☐ + 3 = 8ን ሲያስረዳ «3 ወደዚያ ሲሻገር −3 ይሆናል» ብሎ አስተማራት። እህቱ መልሱን ታገኛለች፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ ግን «ስለተሻገረ» ትላለች።

ወንድምነትህን አከብራለሁ፤ መሻገሩን ግን ተወው። ምንም ቁጥር የትም አልተሻገረም። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ተቀነሰ፤ በግራ የጎደለው ቁጥር ብቻውን ቀረ፣ በቀኝ 5 ቀረ። አንተ በስምንተኛ ክፍል የምትጠቀምበት አቋራጭ ለሰባት ዓመት ልጅ አስማት ነው። ዛሬ 3 ሲሻገር ምልክቱ ከተቀየረ ነገ ለምን 8ን አታሻግረውም? ትሞክረዋለች፤ አይቼዋለሁ።

ከጠዳ አካባቢ አንድ መምህር። ክፍላቸው ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ፤ የሂሳብ መርጃ መሣሪያ የሚባል የለም። የእኩል ምልክት እንደ ሚዛን መሆኑን በቃል ብቻ ማስተማር ሰልችቷቸዋል።

ጌታዬ፣ ሚዛኑን ይሥሩት። ቀጥ ያለ ዱላ ወይም ሸንበቆ መሐሉን በሲባጎ አስረው ያንጠልጥሉ፤ ከመሐሉ እኩል ርቀት ላይ በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ቂጦችን ቆርጠው ይስቀሉ። ባዶውን ቀጥ ካላለ ሲባጎውን ትንሽ ያንሸራትቱ። ለመመዘኛ የለስላሳ ቆርኪ ይሰብስቡ፤ ከየሻይ ቤቱ በነፃ ይገኛል። ባቄላና ሽንብራ አይጠቀሙ። ፍሬው አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ስለሆነ አራት ባቄላ ከአራት ባቄላ ጋር ላይስተካከል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ በልጆቹ ፊት ይዋሻል፤ እርስዎም ሰበብ ሲፈልጉ ይውላሉ።

3 + ☐ = 7ን ለማሳየት በግራ ሦስት ቆርኪ ያስቀምጡ፤ በትንሽ ፌስታል አራት ቆርኪ ደብቀው ይጨምሩበት። በቀኝ ሰባት ቆርኪና አንድ ተመሳሳይ ባዶ ፌስታል ያድርጉ፤ የፌስታሉ ክብደት እንዳያሳስት ነው። ልጆቹ ሚዛኑ ቀጥ ማለቱን ይዩ። አንድ ልጅ ይጥሩና ከግራ ሦስት ቆርኪ ያንሳ፤ ሚዛኑ ያዘነብላል። «አሁን እንዲስተካከል ምን እናድርግ?» ይበሏቸው። ከቀኝም ሦስት ይነሳል። የቀረው ፌስታልና አራት ቆርኪ ነው።

መቀነስ ከዚህ ይከብዳል፤ «ሦስት የጎደለው» የሚባል ነገር ሚዛን ላይ አይቀመጥም። ☐ − 3 = 5 ሲሆን ልጆቹ እንዲያዩ ከተሞላው ፌስታል ሦስት ቆርኪ ያውጡና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ ፌስታሉን በግራ፣ አምስት ቆርኪና ባዶ ፌስታል በቀኝ ያድርጉ፤ ቀጥ ይላል። ከዚያ የወጡትን ሦስት ወደ ፌስታሉ ይመልሱ። በቀኝም ሦስት ሲጨመር ፌስታሉ መጀመሪያ 8 እንደነበረው ሳይናገሩ ይገባቸዋል። ሚዛኑ አንድ ከሆነ ከፊት ይስቀሉት፤ ልጆቹ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ መስመር አስምረው በግራና በቀኙ የራሳቸውን ቆርኪ ይደርድሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅዳሜ ገበያ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ያለው ሻጭ ካገኛችሁ ልጆቻችሁን አስቁማችሁ አሳዩ። ቁጥር ብቻ የሚያሳየው ሚዛን ለንግድ ይመቻል፤ ለዚህ ትምህርት ግን አይረዳም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በትርፍ ጊዜው አስጠኚ። የሚያስጠናው ልጅ 5 + 3 = 8 + 2 = 10 − 4 = 6 ብሎ ጻፈ። መልሱ 6 መሆኑ ትክክል ሆኖ ሳለ መምህሩ ዜሮ ሰጡት። «ግፍ አይደለም?»

ዜሮው በዝቷል፤ ግማሽ እሰጠው ነበር። ግን የተጻፈውን አንብበው፤ 5 + 3 ከ10 − 4 ጋር እኩል ነው ይላል። 8 ከ6 ጋር እኩል ነው እንደ ማለት ነው። በቃል ስንደምር ሁላችንም እንዲህ እንቀጥላለን፤ ችግሩ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ሦስት መስመር አድርጎ ይጻፈው፦ 5 + 3 = 8፣ 8 + 2 = 10፣ 10 − 4 = 6። አንተም ስታስጠና እንደዚያ ጻፍ፤ ልጁ ከማን እንደለመደው እጠረጥራለሁና።

ከፒያሳ አንድ አባት። ልጃቸው አንደኛ ክፍል ናት። በቤት በቃል ስትጠየቅ ሁሉንም ትመልሳለች፤ ከሰሌዳ የምትገለብጠው ግን የተሳሳተ ነው፤ የመደመር ምልክት ቀንስ ይሆናል፣ 3 ደግሞ 8። ደብተሯን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ትጽፋለች፤ ሰሌዳውን ስታይ ዓይኗን ታጠባለች። ለስንፍናዋ ምን ቅጣት ይሻላል ይላሉ።

ምንም ቅጣት የለም። ልጅቷን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ በዚሁ ሳምንት። እዚያው ከተማችሁ ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። በቃል የምታውቀውን በሰሌዳ የምታጣ ልጅ ሂሳብ አልከበዳትም፤ የጻፉት ምልክት ሁሉ ሰሌዳው እንደማይታያት ይነግረኛል። እስከ ቀጠሮው ድረስ መምህሯ ከፊት እንዲያስቀምጧት ዛሬውኑ ይንገሩ። ውጤቱን ሳይሰሙ ሌላ ጥያቄ እንዳይጽፉልኝ።

እማማ ከአራዳ። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው 3ን ገልብጦ ይጽፋል።

በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ አይጨነቁ። ስምንት ዓመት አልፎትም ካልተወው መምህሩን ያማክሩ።

«ልጄ በጣቱ ይቆጥራል፤ እጁን ልሰርበት?» አይሰሩበት። ይልቅ 2 + 7 ሲሠራ ከ7 ጀምሮ ስምንት፣ ዘጠኝ እንዲል ያሳዩት።

«ለአንደኛ ክፍል ልጅ ካልኩሌተር ልግዛ?» ለራስዎ ይግዙ።

«የግዕዝ ቁጥሮችንስ?» ያስተምሩ፤ ለመደመር ግን አይመቹም፤ ዜሮም የላቸውም።

የታሪክ ወዳጅ አንባቢ። ምልክቱን ማን አመጣው?

ሮበርት ሪኮርድ የተባለ የዌልስ ሐኪምና የሂሳብ ሰው፣ በ1557 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ። «እኩል ነው» እያለ ደጋግሞ መጻፍ ስላሰለቸው ሁለት ትይዩ መስመሮች አሰመረ፤ ምክንያቱንም ከእነዚህ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ገለጸ። እኛ ዘንድ ዘመኑ የአፄ ገላውዴዎስ ነበር፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው 80 ዓመት ያህል ይቀድማል። የሪኮርድ መስመሮች ከዛሬዎቹ በጣም ይረዝሙ ነበር።

በመጨረሻ፣ አምስት መለማመጃ የጠየቁ እናት አሉ። እነሆ፦ 3 + 4 = 4 + ☐፤ 10 = ☐ + 6፤ ☐ − 2 = 7፤ 6 + ☐ = 9 + 1፤ 12 − 5 = ☐ − 6። መልሱን አላትምም፤ ከልጅዎ ጋር ይሥሩት፣ የመጨረሻው ላይ ካልተስማማችሁ ሁለቱንም መልስ ጽፈው ይላኩልኝ።