ለደብረ ማርቆሱ ጠያቂ፦ «ነጻ» የሚለው ወረቀት ምኑን አይቶ ነው?

ወንድሜ፣ አባትህ በ60ዎቹ ዕድሜያቸው ፓርኪንሰን (የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የነርቭ ሕመም) እንደያዛቸው፣ አክስትህም እንደታመሙ፣ ዘመድ ከውጭ በላከልህ የምራቅ ምርመራ ግን «ነጻ» እንደተባልህ ጽፈሃል። ወረቀቱ አይይዝህም አላለም።

1. የታየውን ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የዘር መመሪያ) ስም ከሪፖርቱ ፈልግ። እንዲህ ያሉት ምርመራዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚያዩት፦ ኤልአርአርኬ2 በተባለው ጂን ላይ ጂ2019ኤስ የተባለውን ለውጥ፣ ጂቢኤ1 በተባለው ጂን ላይ ኤን370ኤስ የተባለውን። ሁለቱም በአሽከናዚ (ዘራቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ በሆነ) አይሁድ፣ የመጀመሪያው በሰሜን አፍሪካ በርበሮችም ዘንድ ይበዛሉ። ለጎጃም ሰው «የሉብህም» መባል ብዙ አያጽናናም። እ.ኤ.አ. በ2023 በናይጄሪያውያንና በሌሎች የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች የተገኘው የጂቢኤ1 ልዩነት ደግሞ የሚገኘው ለፕሮቲን መሥሪያ በማያገለግለው የጂኑ ክፍል ስለሆነ፣ ብዙ ምርመራ ያልፈዋል። የምዕራብ አፍሪካን ግኝት እንዳለ ወደ እኛ መገልበጥም አይገባም።

2. ከአንተ በፊት አባትህ ይመርመሩ። በእሳቸው ከተገኘ ያንኑ በአንተ መፈለግ ትርጉም አለው፤ የእሳቸው ሳይታወቅ የአንተ «የለም» ባዶ ነው። ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት «የጎደለና የተደገመ የጂን ክፍልም ይቆጠራል ወይ?» በሉ፤ በፓርኪንና በኤስኤንሲኤ ጂኖች ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፣ ጂኑን ፊደል በፊደል ማንበብ ብቻውን አያገኘውም። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ፣ ብሩን ተቀብሎ በስልክ «ነጻ ነዎት» ብሎ የሚዘጋ ላብራቶሪ አለ። ያሳዝናል፣ ሕዝብ ይጎዳል! ሙሉው ሪፖርት በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ ቀሪውን አትክፈሉ።

ቢገኝስ? ኤልአርአርኬ2 ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ለውጡን ተሸክሞ እስከ 80 ዓመቱ ሳይታመም የሚኖር ግን ብዙ ነው። የፓርኪን ጂን የሚያመጣው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ስለሚጀምር ለአባትህ አይመስልም።

ዘር ከመቁጠራችሁ በፊት የአባትህን የመድኃኒት ዝርዝር ለነርቭ ሐኪሙ አሳዩ። ማስመለስን ለማስቆም የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራሚድና ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል ራሳቸው መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፣ የያዘውንም ያብሳሉ። ጂኑ ቢገኝም ዛሬ የሚውጡት ክኒን አይለወጥምና የምርመራው ብር ከሌቮዶፓው (ከዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) መግዣ አይነሣ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክኒኑን የሚያቆዩ አባቶች አሉ፤ በድንገት ማቋረጥ ሰውነትን ገትሮ ለከባድ ትኩሳት ይዳርጋል። ሰዓቱን ሐኪሙና የንስሐ አባታቸው ባሉበት አስወስኑላቸው።