ሽንቴ ቀላ፣ ከዚያ ጠራ፤ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ፤

የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ መምህር ነኝ። የምጽፍልዎ ፊት ለፊት ለመናገር ስላፈርኩ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሌሊት ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ። ውሃ ልለቅ ስል ዝቅ ብዬ አየሁ። ሽንቴ ቀይ ነው። የሥጋ እጣቢ ይመስላል። ጠዋትም ያው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ጠራ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። አላመመኝም፣ አላቃጠለኝም፣ ትኩሳትም የለኝም።

ባለቤቴ «ሐኪም ቤት ሂድ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔ ደግሞ የጠፋ ነገር ምን ብዬ ላሳይ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ውሃ አንሶህ ነው፣ ጠጣ» አለኝ። ጠጣሁ፤ አሁን ሽንቴ ኩልል ያለ ነው። ይጠቅም እንደሆነ ልንገርዎ፦ 20 ዓመት ያህል ሲጋራ አጭሻለሁ፤ ካቆምኩ 10 ዓመት ሆኖኛል።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሽንቴን ሳላይ ውሃ አልለቅም። ጠቆር ሲል እፈራለሁ፤ አረፋ ሲይዝ እፈራለሁ። የቱን ልፍራ፣ የቱን ልተው?

ያፈረው አንባቢዎ

*

ጤና ይስጥልኝ፤

ባለቤትዎ ልክ ናቸው። በዚህ ሳምንት ይሂዱ። የቀረውን ቀጠሮ ከያዙ በኋላ ቢያነቡት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንደማያደርጉት ስለማውቅ ልቀጥል።

እርስዎን ያረጋጋዎት ሁለት ነገር ነው፦ አለማመሙና መጥፋቱ። እኔን ያሳሰቡኝም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የኩላሊት ጠጠር ብዙ ጊዜ ሰው ያንከባልላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያሸናል። የፊኛ ወይም የኩላሊት ዕጢ ግን መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ያለ ነው። አንድ ቀን ይደማል፣ ከዚያ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያርፋል። ሰውዬው «ተሻለኝ» ይላል። ሲመለስ ጊዜ አልፏል።

ካንሰር አለብዎት እያልኩ አይደለም። ያበጠ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች አካል) ያደማል፤ ድምፁን ያጠፋ ጠጠርም ያደማል። በዚህ ምክንያት ከሚመረመሩት ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይገኝባቸውም። ነገር ግን ዕድሜዎ ከ50 አልፏል፤ ሲጋራም አጭሰዋል። ሲጋራና ሳንባን ሁሉም ያያይዛል፤ ፊኛን የሚያስብ ጥቂት ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉ መርዞች ወደ ደም ይገባሉ፣ ኩላሊት ያጣራቸዋል፣ ከዚያ ከሽንት ጋር ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ተኝተው ይቆያሉ። ለፊኛ ካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ማጨስ ነው። ማቆምዎ አደጋውን ቀንሶታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላጠፋውም። ቢኖር እንኳ በጊዜ የተያዘው በደንብ ይታከማል። የምቸኩለው ለዚህ ነው።

ባልደረባዎ በቅንነት ነው የመከሩዎት። ግን ውሃ ሽንትን ያቀጥናል እንጂ ደም አያቆምም። በሌላ በኩል፣ ቀይ ሁሉ ደም አይደለም። ቀይ ስር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ያደርገዋል። ቢሆንም ቤት ቁጭ ብለው አይገምቱ። ደም መሆን አለመሆኑን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ሽንትዎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የኩላሊት ሥራ የሚለካ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ሊከተሉ ይችላሉ። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ፊኛዎን ከውስጥ እንየው ቢሉዎም አይደንግጡ፤ ምቾት ባይኖረውም ማደንዘዣ ቅባት አለው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ዛሬ የሰጡት ሽንት ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ «እንግዲያው ደህና ነኝ» ብለው አይውጡ። በዓይንዎ ያዩት ቀይ ሽንት ብቻውን ለምርመራ ይበቃል። «ኢንፌክሽን ነው» ተብለው አንቲባዮቲክ ከወሰዱም፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሽንትዎ እንደገና ይመርመር ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳታል። ደግሞ ከቀላ፣ ነውር ነው ሳይሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ለሐኪም ከመቶ ቃል ይበልጣል።

አሁን ወደ ሌሎቹ ፍርሃቶችዎ። ጠዋት ጠቆር ያለ ቢጫ ሽንት ምንም አይደለም፤ ሌሊቱን ውሃ ስላልጠጡ ነው፣ ቀን ላይ ይነጣል። ቢ ቫይታሚን የሚወስድ ሰው ሽንቱ እንደ ማድመቂያ እስክሪብቶ ሊያበራ ይችላል፤ ይህንንም ይርሱት። በኃይል ሲሸኑ የሚነሳና ወዲያው የሚጠፋ አረፋ ችግር የለውም። በየቀኑ ጥቅጥቅ ብሎ የሚቆይ አረፋ ግን ከኩላሊት የሚያመልጥ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ይመርመር።

ውሃ እየጠጡም ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሰገራም ከነጣ፣ ችግሩ ያለው ጉበት ወይም የሐሞት መውረጃው ላይ ነው። ያልለመዱትን ከባድ ስፖርት ሠርተው ጡንቻዎ በጣም እያመመ ሽንትዎ እንዲህ ከጠቆረ፣ የተጎዳው ጡንቻ ፍርስራሽ ኩላሊትዎን እያጨናነቀ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይሂዱ። ጉሮሮውን ታሞ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ፊቱ ያበጠና ሽንቱ እንደ ኮካ የሆነ ልጅ ካዩም እንዲሁ።

የደፈረሰና የሚያቃጥል ሽንት አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ ወይም ጎን ላይ ሕመም ከተጨመረበት ኩላሊት ደርሷል ማለት ነውና አያሳድሩት። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ሳትጠብቅ ትታይ።

ለእርስዎ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። ደሙ ተመልሶ የረጋ ደም ካዩ፣ ወይም ሽንትዎ መጥቶ አልወጣ ካለ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ኀፍረቱ ይገባኛል። ግን የሽንት ነገር ለሐኪም የቀን ተቀን ሥራው ነው። አፍዎ አልከፈት ካለ፣ ለእኔ የጻፉትን ደብዳቤ አትመው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለት። ቀኑ፣ ቀለሙ፣ አለማመሙ፣ ሲጋራው፣ ሊጠይቅዎ የሚፈልገው ሁሉ እዚያ ላይ አለ።