ደንገጎ፣ ጀጎል፣ ደቻቱ፦ የሩጫ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ድሬና ሐረር መሀል እየተመላለስኩ የምሮጥ ሰው ስለሆንኩ ስለ መንገዱ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አቦ፣ አዘነባችሁብኝ! ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አሰልጣኝም ሐኪምም አይደለሁም፣ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው፣ ጀማሪ ነኝ። ሙቀቱ ገደለኝ። የት ልጀምር?

አብሽር፣ የማይገድለው የለም። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጀምር። ሜዳ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉም ጥላ አለው። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተነስተህ በዛፎቹ ስር ወዲያ ወዲህ ማለት ለጀማሪ ይበቃል። ዋናው ሰዓቱ ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥተህ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቤትህ ግባ። ማታ ይሻላል የሚሉህን እኔ አልስማማበትም። አስፋልቱና ግንቡ ቀን የጠጡትን ሙቀት ከመግሪብ በኋላም ይተፉታል። ከደጋ የመጣህ ከሆነ ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ በሶምሶማ ብቻ፣ እያወራህ መሄድ በምትችልበት ፍጥነት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። ድሬ ዝቅ ያለ ስለሆነ እፈጥናለሁ ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ዘገየሁ። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆንክም። አዲስ አበባ 2300 ሜትርን ያልፋል፣ ሐረር 1885 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሬ ደግሞ 1200 ገደማ። የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሐረር ላይ 20 በመቶ፣ ድሬ ላይ 13 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ድሬ ላይ ለሳንባህ የሚቀልልህ ነገር አለ፤ ግን ልብህ ደሙን ለጡንቻ ብቻ ሳይሆን ሰውነትህን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳም መግፋት አለበት። ከፍታው የሰጠህን ሙቀቱ ይወስደዋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ በማለዳ ሞክረው፣ ያኔ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። እዚያ መሮጥ ለእግር ጥሩ ነው ይባላል።

ለባትና ለቁርጭምጭሚት ጥሩ ሥራ ነው፣ 15 ደቂቃ ካልበለጠ። ባዶ እግር ግን አይሞከርም፤ የጠርሙስ ስባሪ ሞልቶታል። ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ደግሞ ጭራሽ አትግቡ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ላይ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ተጠራቅሞ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው እንዲሁ ነው። ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ ደንገጎ ተራራ በኩል ከጠቆረ፣ አሸዋውን ትቶ ወደ አስፋልቱ መውጣት ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ደንገጎ ይላል። ከድሬ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በስንት ሰዓት ይወጣል? (ይህን ብዙ ሰው ጠይቋል)

ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ኪሎ ሜትሩን እርሱት። ከ1200 ተነስታችሁ 2000 ሜትርን የምታልፉበት ዳገት ነው። ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት የምትጨርሱ ከሆነ፣ እዚህ ሦስት ሰዓት ያዙ። ሲከብዳችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ መራመድ ነውር አይደለም። ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከድሬ በእግራቸው የሚወጡትን እናቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳይቸኩሉ፣ በአንድ እርምጃ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። መጀመሪያ ላይ በሩጫ ያለፋቸው ጎረምሳ ጠመዝማዛው ላይ ጉልበቱን ይዞ ቁጭ ብሎ ያገኙታል።

መጀመሪያ ሰሞን ከሥር አትነሱ። እስከ ግማሹ በሚኒባስ ሂዱና የላይኛውን ክፍል ብቻ ሩጡ። እየወጣችሁ አየሩ ሲለወጥ ይሰማችኋል፤ ከታች ሸሚዝ የሚያጣብቀው ሙቀት ከላይ ሹራብ ወደሚያስመኝ ንፋስ ይለወጣል። ላብ በላብ ሆናችሁ ቆማችሁ አታውሩ።

የመኪናው ነገር ያስፈራኛል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ኩርባው ብዙ ነው። ከላይ የሚወርድ ከባድ መኪና ገና ሳይታይ የፍሬን ሸራው ሽታ ቀድሞ ይደርሳችኋል። የጫት መኪና ደግሞ ሽታም አይሰጥም፤ ጫቱ ሳይጠወልግ ለመድረስ ስለሚበር ጥሩንባውን ስትሰሙ ከአስፋልቱ ውረዱ፣ መብት አለኝ እያላችሁ አትከራከሩ። የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ በግራ በኩል ሩጡ። ግራው በገደሉ ግድግዳ ሲታጠፍና ከፊት ያለው ሳይታይ ሲቀር ግን ኩርባው ላይ ሳትደርሱ ቀደም ብላችሁ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ተሻገሩ፣ እዚያ ከሩቅ ትታያላችሁ። ጆሮ ማዳመጫ ቤት ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ወጥቼማ ምንም አልሆንኩም። ስወርድ ነው የተበላሸሁት፤ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ምንድነው?

ቁልቁለቱ ነው። ስትወጣ ጭንህ እያጠረ ይገፋሃል፣ ስትወርድ ግን እየተለጠጠ ክብደትህን ይይዛል፤ ጡንቻውን የሚጎዳው ይኸኛው ነው። ትንፋሽ ስለማያጥርህ የሠራህ አይመስልህም። ሕመሙም ያኔውኑ አይመጣም፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው የሚበረታው። ለዚህ ነው ደንገጎን ሮጣችሁ ውጡ፣ በሚኒባስ ውረዱ የምለው። ቁልቁለቱን መልመድ ከፈለግክ ለብቻው፣ ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ጀምር። እርምጃህን አሳጥረው፣ ወደ ኋላ አትለጠጥ፣ ተረከዝህን አትትከል። አንዴ በልኩ ያመመው ጡንቻ በሚቀጥለው ጊዜ ብዙም አያምም፣ ስለዚህ ተስፋ አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ ሐረር ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 58 ነው። ሀኪም ጋራ የሚባለውን ተራራ እወጣለሁ፣ ስወርድ ግን ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ልተወው?

አይተዉት ጋሼ። እየተራመዱ ይውጡ፣ ሲወርዱ ቀጥ ብለው ሳይሆን እየተጠማዘዙ፣ በምርኩዝ ይውረዱ። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም አልታጠፍ ካለ ግን ሐኪም ይየው። ከላይ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ጠቅላላው እንደ መዳፍ የሚታይበትን ቦታ ያውቁታል መቼም፤ እዚያ ቁጭ ብለው ትንሽ ማረፍም ልምምድ ነው።

ጥያቄ፦ ጀጎልን መዞር ይቻላል?

ግንቡ ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሦስት ዙር ቆንጆ ልምምድ ነው። ግን ከማለዳ ካልሆነ አይሆንም፤ ሸዋ በር ገበያው ከሞላ እንኳን መሮጥ መራመድም ይቸግራል። ወደ ኤረር በር የሚወርደው በኩል እግር ይፈታል፣ የምትከፍሉት ስትመለሱ ነው። ውስጡ ሌላ ነገር ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ መኪና ግርግር በምትባለው ጠባብ መንገድ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ የሚወርደውን ለዳገት ልምምድ እወደዋለሁ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን ሳያወጡ ስምንት ጊዜ ወጥታችሁ ከወረዳችሁ ጂም አያስፈልግም። ድንጋዩ ጤዛ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ አትልበሱ። ጠባቧ መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ የሰው ደጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጅቡስ?

የሐረር ጅብ ማታ ፋላና በር ሥጋውን በልቶ ሲነጋ ወደ ጎሬው ነው። በጨለማ ብቻችሁን አትውጡ እንጂ እኔን የሚያሳስበኝ ውሻ ነው። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ ቁሙ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ትንሽ ነው» አይባልም።

ጥያቄ፦ ከበርጫ በኋላ ጉልበት ይሰጠኛል። መርቅኜ ብሮጥ ችግር አለው?

ወላሂ ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። የሚሰማህ ጉልበት ሳይሆን ድካሙን አለመስማት ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት! ለውድድር የምታስብ ከሆነ ደግሞ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ወቅት ከተከለከሉት አበረታች ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ጠዋት ሩጥ፣ የበርጫውን ነገር ለራስህ ተወው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ሐረር። ረጅም ልብስና ሒጃብ ለብሼ ብቻዬን መሮጥ ያሳፍረኛል።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ፣ ያኔ የሚያፈጥውም ይሰለቻል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምታውቂው ሰው ካለ ግቢው ሜዳ ነው፣ መኪናም አያስጨንቅም። ልብሱ ሰፋ ያለ፣ ቀለል ያለ ጨርቅ ይሁን እንጂ ሒጃብ ሩጫ አይከለክልም።

ጥያቄ፦ በረመዳንስ?

ከአፍጡር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀስ ያለ ሶምሶማ፣ ከበድ ያለውን ከተራዊህ በኋላ። ድሬ ያላችሁ ከአፍጡር በፊት ያለውን ተዉት።

ጥያቄ፦ ምን ልያዝ?

ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ውሃ፣ ላብ ከበዛ ኦ አር ኤስ የተበጠበጠበት። ቴምር ወይም የባቢሌ ለውዝ። እኔ በሶ ጠጥቼ ነው የምወጣው።

ጥያቄ፦ ቆንዶዶ ተራራ ላይ ሮጠሃል?

አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ 3000 ሜትር አካባቢ፣ የዱር ፈረሶቹም እዚያ ናቸው። አወጣጡ የእግር ጉዞ እንጂ ሩጫ አይደለም። የአካባቢውን ሰው ሳትይዙና ቀበሌውን ሳትጠይቁ አትሂዱ። ፈረሶቹን አታባርሩ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። ደንገጎ ላይ ወደ ድሬ መመለሻ ሚኒባስ እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል?

እስከ ማምሻው አታቆዩት። ከሐረር የሚመጡት ሞልተው ነው የሚያልፉት፣ አንድ ሰው ቢሆን ግን ረዳቱ ቦታ አያጣላችሁም። ደረቅ ቲሸርት ያዙ፤ ላብ በላብ ሆኖ የሚገባን ሰው ማንም አጠገቡ እንዲቀመጥ አይፈልግም።