ጥያቄና መልስ፦ አስፈሪ ፊልም አይተን አንዷ አስመለሳት፣ አንዷ አለቀሰች፤ መንፈስ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ውስጥ ቤት ተከራይተን የምንኖር አምስት የኮሌጅ ተማሪዎች ነን። ባለፈው ዓርብ ማታ ከቴሌግራም ያወረድነውን አስፈሪ ፊልም አየን። «ጠፍተው ከቀሩ ወጣቶች ካሜራ ላይ የተገኘ ነው» ብሎ ይጀምራል። ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ፊት የሌለው ረጅም ሰውዬ ይከተላቸዋል። አንዷ ጓደኛችን ስትስቅ አመሸች። ሌላዋን አጥወለወላትና አስመለሳት። አንዷ ደግሞ በጨለማ ጫካ ውስጥ እያለከለኩ ሲሮጡ ጮኻ፣ እያለቀሰች ወጣች። ሙስሊም ጓደኛችን «አዑዙ ቢላሂ» እያለች፣ እኔ «በስመ አብ» እያልኩ ተቃቅፈን ቀረን። ሳያልቅ አጠፋነው። ስትስቅ የነበረችው ያለቀሰችውን በስልኳ ቀርጻ «ጋኔን ሲይዛት» ብላ ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። አከራያችን እማማ ደግሞ ያስመለሳትን «መንፈስ ነክቷታል፣ ጸበል ውሰዷት» ይላሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ መብራት ካልበራ አልተኛም። ሰውዬው በእውነት አለ ወይ? በፊልም በኩል መንፈስ ይገባል? ማየታችንስ ኃጢአት ነው? ከሙስሊም ጓደኛዬ ጋር ሆኜ መጸለዬ ችግር አለው? የቀረውን እንጨርሰው ወይስ እንተወው?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺም ከጓደኞችሽም ጋር ይሁን፣ እኅቴ። አንቺ በብዛት የጻፍሽልኝ ስለ ሰውዬው ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ስለ ቲክቶኩ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። እመለስበታለሁ።

ከሰውዬው እንጀምር። ቅዱስ አትናቴዎስ የአባ እንጦንስን ገድል ሲጽፍ አንድ ጥሩ ምክር አቆይቶልናል። አባ እንጦንስን በበረሃ አጋንንት በአራዊት መልክ እየመጡ፣ እየጮኹና ምትሐት እያሳዩ ሊያስፈራሩት ይሞክሩ ነበር። እሱ ታዲያ ደቀ መዛሙርቱን እንዲህ ብሎ መከራቸው፦ የሚያስፈራ ነገር ሲታያችሁ በድንጋጤ አትውደቁ። ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ደፈር ብላችሁ «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» በሉት። ኢያሱም በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፉን የመዘዘ ሰው ፊቱ ቆሞ ባየ ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቀረብ አለና «ከእኛ ወገን ነህን ወይስ ከጠላቶቻችን?» አለው።

እስቲ ያንቺንም ሰውዬ እንጠይቀው። የፊልሙን ርዕስ ባትነግሪኝም ሰውዬውን ከነገርሽኝ መልክ አውቄዋለሁ። ስሌንደር ማን ይሉታል። የተወለደው እንደ ፈረንጆቹ በጁን 2009 ነው። ሳትበልጪው አትቀሪም። አንድ የአሜሪካ ድረ ገጽ ላይ ሰዎች ተራ ፎቶግራፍ በኮምፒውተር እየነካኩ መንፈስ የታየበት የማስመሰል ውድድር ጀምረው ነበር። ኤሪክ ክኑድሰን የሚባል ሰው ሕፃናት ባሉባቸው ሁለት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ላይ ከኋላ አንድ ቀጭን ረጅም ሰውዬ ጨመረ። ከሥሩም የምስክር ቃል የሚመስል የፈጠራ ጽሑፍ አስቀመጠ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌሎች ወደዱትና ታሪክ ቀጠሉበት። በዚያው ወር ዩቲዩብ ላይ ተከታታይ ቪዲዮ ተሠራለት። ጌም ሆነ፤ ቆይቶ ፊልም ሆነ። የሠሪው ስምና የተሠራበት ወር የሚታወቅ ነገር በየትኛውም ጫካ ሲዞር አያድርም።

ይህን ስልሽ አጋንንት የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ። ቤተ ክርስቲያን ስለ እነሱ የምታስተምረውን ታውቂያለሽ። ግን የሚያስፈራ ሁሉ ጋኔን አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስም መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ እንጂ ነው የሚለን።

መፍራትሽ ደግሞ አያሳፍርሽ። ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ ባዩት ጊዜ «ምትሐት ነው» ብለው በፍርሃት ጮኸዋል። ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ ባሕሩ ሠፈራቸው ነው፣ ሐዋርያት ናቸው። ግን ጮኹ። ጌታም ለምን ጮኻችሁ ብሎ አልተቆጣቸውም። መጀመሪያ «አይዞአችሁ፣ እኔ ነኝ» አላቸው። ማን እንደሆነ ነገራቸው።

እንዲህ ያለ ፊልም ከሌላው በላይ የሚይዘው ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። እኛም እኮ በልጅነታችን እሳት ዳር ቁጭ ብለን የጭራቅ ተረት ሰምተናል። የወሎ ሴት አያት ስትተርት ፀጉር ታቆማለች። ግን «ተረት ተረት» ትልሻለች። አንቺም «የላም በረት» ትያለሽ። ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለ። መግቢያውም መውጫውም ይታወቃል፤ ያወራችሽ ሴትዮም እዚያው አጠገብሽ ናት። ይህ ፊልም ያንን በር ሆን ብሎ ያነሣዋል። «ተረት» አይልሽም። «የተገኘ ነው» ይልሻል። ካሜራው እንዲንቀጠቀጥ፣ ድምፁ እንዲቆራረጥ፣ ሰውዬው በደንብ እንዳይታይ የሚደረገው ተለፍቶበት ነው። ያላየሽውን አእምሮሽ ራሱ ይሞላዋል፤ ራስሽ የሞላሽው ደግሞ ሌላ ሰው ከሣለልሽ ይብሳል።

ስልቱ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1999 «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር። ሦስት ወጣቶች ካሜራ ይዘው ጫካ ገብተው ይጠፋሉ። ተዋንያኑ በራሳቸው ስም ነው የተጫወቱት። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ጠፍተዋል የሚል ድረ ገጽ ተከፈተ፣ የአፋልጉን ወረቀት ተለጠፈ። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ገና ለብዙው ሰው እንግዳ ነበርና ብዙዎች አመኑ። የአንዷ ተዋናይ እናት ልጃቸው በሕይወት እያለች የሐዘን ካርድ ይደርሳቸው ነበር። በጥቂት ገንዘብ የተሠራው ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። አዳራሽ ውስጥ የሆነው ደግሞ እናንተ ቤት ከሆነው ብዙም አይለይም። የሳቀ አለ፣ «ምኑ ያስፈራል?» ብሎ ገንዘቡን ያዘነ አለ፣ ለሊቱን መተኛት ያቃተው አለ። ያስመለሰውም ብዙ ነው።

ለእማማ ይህንን በአክብሮት ንገሪልኝ። ያ ሁሉ ተመልካች ያስመለሰው በካሜራው መንቀጥቀጥ ነው። ዓይን «እየሮጥን ነው» ይላል፣ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ «ቁጭ ብለናል» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ሆድ ይገለበጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወረድ ጥምዝምዙ ላይ ስንት ሰው ነው ፌስታል የሚጠይቀው? ረዳቱ ፌስታል ያቀብላል እንጂ «ጸበል ውሰዱት» አይልም። ጸበል መጠመቅ ሁልጊዜም መልካም ነው፤ ልጅቷ በእምነት ልሂድ ካለች ትሂድ። ግን «መንፈስ አለብሽ» ተብላ እየተጎተተች አትሂድ። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ በቀላሉ አይላቀቅም። ክታብ የሚጽፍላት ሰው አለ የሚል ከመጣ ደግሞ በሩን ዝጉበት። እሱ ከፊልሙ ይልቅ ያስፈራኛል።

በፊልም በኩል መንፈስ ይገባል ወይ ላልሽው፣ ስክሪን በር አይደለም። አጋንንት ፈቃዳችንን ነው የሚፈልጉት። እናንተ በሰውዬው አላመናችሁበትም፣ አልሰገዳችሁለትም። ይህን ያህል በቂ ነው።

አሁን ወደከነከነኝ ልምጣ።

ያለቀሰችው ልጅ የጮኸችው ሰውዬው ሲታይ አይደለም። በጨለማ እያለከለኩ ሲሮጡ ነው። ልብ ብለሽዋል? እኔ ልጅቷን አላውቃትም፤ ስለ እሷ ከሩቅ ሆኜ መፍረድም አልችልም። ግን ወሎ ነው ያለነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ልጁን አዝሎ በሌሊት በእግሩ እንደወጣ ማንም አይነግረንም፤ ራሳችን እናውቀዋለን። ያኔ ልጅ ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ ኮሌጅ ገብተዋል። ለአንዷ ፊልም የሆነው ለሌላዋ ትዝታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረጋ ብለሽ፣ ለብቻዋ ስትሆን፣ ጠይቂያት። መናገር ካልፈለገች አታስጨንቂያት። ሌሊት የምትባንን፣ ድምፅ የሚያስደነግጣት ከሆነ ሐኪም ጋር አብረሻት ሂጂ። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም።

ስትስቅ የነበረችው ጓደኛችሁ ግን ምን እንዳደረገች ገብቷት ይሆን? መሳቋን አልነቅፍም። ሰው ሲፈራም ይስቃል፤ ደግሞም ምናልባት በትክክል የገባት እሷ ናት። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጣዖት መሥዋዕት ሲጽፍ ጣዖት ከንቱ መሆኑን የሚያውቁትን አልተቃወማቸውም። እውቀታችሁ ደካማውን ወንድማችሁን እንዳያሰናክለው ተጠንቀቁ ነው ያላቸው። እሷ ደካማዋን አይታ ስልኳን አወጣች። የሰው ለቅሶ ቀረጸች፣ «ጋኔን ሲይዛት» የሚል ውሸት ጻፈችበት፣ ለሕዝብ ለቀቀችው። ክኑድሰን ፎቶ ላይ ያደረገውን እሷ በእውነተኛ ሰው ላይ ደገመችው። እሱ እንኳ የጨመረው ያልነበረ ሰው ነው። ይህች ግን ነገ ክፍል የምትገባ፣ ስም ያላት፣ ቤተሰብ ያላት ልጅ ናት። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ቲክቶክንም ይጨምራል።

ቀልድ ነው ትልሽ ይሆናል። የዚያም የፎቶ ውድድር ቀልድ ነበር። በ2014፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሁለት የ12 ዓመት ልጃገረዶች ያንን ሰውዬ አለ ብለው አመኑ። እሱን ደስ ለማሰኘት ብለው ጓደኛቸውን ጫካ ወስደው 19 ጊዜ በቢላ ወጓት። እየዳኸች መንገድ ዳር ወጣች፣ በብስክሌት የሚያልፍ ሰው አገኛትና ተረፈች። ፍርድ ቤቱ ሁለቱም የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ተረድቶ ወደ ሕክምና ነው የላካቸው። ስለዚህ ፊልሙ ብቻውን አደረገው አልልም። ያንን ውሸት ከመነሻው የፈጠረው ሰው ግን ማን ጋ እንደሚደርስለት አያውቅም ነበር። ጓደኛሽም አታውቅም።

ቪዲዮው ዛሬውኑ ይጥፋ። ያጋሩ ካሉም እንዲያጠፉ ትለምናቸው። ከዚያ ልጅቷን ፊት ለፊት ይቅርታ ትጠይቅ፤ በቴክስት አይሆንም። ያዩ ሰዎች ደግሞ እውነቱን ከራሷ ከቀራጯ ይስሙ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ልጅቷ ምንም የለባትም» ትበል። ይከብዳል። ቢሆንም ስም የጠፋው በአደባባይ ስለሆነ የሚመለሰውም በአደባባይ ነው። ይህን ስትጨርስ ወደ ንስሐ አባቷ ትሂድ።

ማየታችሁስ ኃጢአት ነው? አንድ ፊልም አየሽ ብዬ የኃጢአት ሸክም አልጭንብሽም። ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፣ ሁሉ ግን የሚጠቅመኝ አይደለም» ይላል። ዓርብ ማታ መሆኑ ግን ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። «ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን» እያልን የምንዘምረው ለዜማው ብቻ አይደለም። ከሥጋና ከወተት ሌላም የሚጾም አለ። ደግሞ ከእናንተ ቤት ትንንሽ ልጆች የሚገቡ ከሆነ፣ የአከራያችሁን የልጅ ልጆች ጨምሮ፣ ፊልሙ ከስልካችሁ ይጥፋ። ልጅ «የተገኘ ነው» ሲባል ያምናል።

ስለ ሙስሊም ጓደኛሽ መጠየቅሽ ፈገግ አሰኘኝ። ወሎ ተወልደሽ ይህን ትጠይቂያለሽ? እሷ በእሷ፣ አንቺ በአንቺ ጸለያችሁ። አንቺ ሃይማኖትሽን አልለወጥሽም፣ እሷም አልለወጠችም። ፈርታ ያቀፈችሽን ጎረቤት ገፍተሽ ቢሆን ኖሮ ነበር መጠየቅ የነበረብሽ። በነገራችን ላይ ከአምስታችሁ ለጓደኛዋ የደረሰላት እሷ ትመስለኛለች።

ለእንቅልፍሽ ደግሞ፣ መብራቱን ለጊዜው አብርተሽ ተኚ፤ ኃጢአት የለበትም፣ የሚቆጥረው ቆጣሪው ነው። ስትተኚ ስልኩን አርቂው። አባታችን ሆይ ካልሽ በኋላ መዝሙር 90ን አንብቢ፤ «ከሌሊት ግርማ አትፈራም» የሚለው እዚያ ነው። ለሰውዬው ምላሽ ይሁን ብለሽ አታንብቢው። እሱ የለም። ለራስሽ አንብቢው። ከሰውዬው ጋር መከራከር ከጀመርሽ አልጋሽ ላይ ቦታ ሰጠሽው ማለት ነው።

የቀረውን እንጨርሰው ወይ ላልሽው፣ ያለቀሰችውና ያስመለሳት ባሉበት አይከፈት። አንቺ ግን መጨረሻው እየከነከነሽ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድምፁን ዘግተሽ፣ ወደ ማብቂያው ሂጂ። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ላይ ብዙ ጊዜ ካሜራው መሬት ይወድቅና ይጨልማል። እዚያ ጋ አትዝጊው። ቀጥሎ የሚመጣውን የስም ዝርዝር አንብቢ። የተዋንያኑ፣ የካሜራ ባለሙያው፣ የሜካፕ ሠራተኛው ስም ይኖራል። ረጅሙን ሰውዬ ማን እንደተጫወተውም እዚያው ይጽፉታል።