ጃውስን ለመውጣት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከአየርላንድ ዋና ከተማ ከደብሊን በስተደቡብ ስለሚገኙት የዊክሎው ተራሮች፣ በተለይ ስለ ጃውስ፣ ከአንባቢዎች ጥያቄ ደርሶኛል። የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ እንጦጦን ስወጣ ስወርድ ነው ያደግኩት። ጃውስ 725 ሜትር ብቻ ነው። ምኑ ይከብዳል? (የአዲስ አበባ ልጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከፍታው ምንም አይልሽም። የሚያስቸግርሽ መሬቱ ነው። ብዙው ቦታ ፒት ነው፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አየር ስላጣ በቅጡ ያልበሰበሰ የእጽዋት ክምር። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። እግርሽ በየእርምጃው ስለሚሰምጥ ትንሿ መንገድ ጉልበት ትጨርሳለች። በዚያ ላይ ንፋስ አለ። ታች ፀሐይ ሆኖ ጫፉ ላይ እጅሽ በብርድ ሊደነዝዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ የቱን ልርገጥ?

መልስ፦ ቀለሙን እይ። ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ለስላሳ ምንጣፍ የመሰለው ከሁሉ አታላይ ነው። ስፋግነም የሚባል ተክል ነው፤ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ውሃ ይይዛል። ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር በየሣሩ ጫፍ ሲወዛወዝ ካየህም ራቅ። ጠቆር ያለው ሄዘር ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። የሰሜን ተራሮችን አስታ ካወቅክ፣ ሄዘር የእሱ ዘመድ ነው፤ አጭር ነው እንጂ። ዱላ ያዝ፤ ከመርገጥህ በፊት መሬቱን ወጋ ወጋ አድርግ። እግርህ ከገባ በኃይል አትጎትት፤ ጫማህ እዚያው ይቀራል። ወደ ኋላ ተቀመጥና እግርህን ቀስ እያልክ እያወዛወዝክ አውጣ።

ጥያቄ፦ ፒቱ ላይ የተነጠፈው የእንጨት መንገድ ጠባብ ነው። ሰው ሲመጣ ወርጄ ብራመድስ?

መልስ፦ እባክዎ አይውረዱ። እነዚያ አሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨቶች የተነጠፉት ለጫማችን ሳይሆን ለመሬቱ ተብሎ ነው። ፒት በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሜትር ለመሆን ወደ 1000 ዓመት ይፈጅበታል። እኛ ሣሩን ስንረግጠው ይመለጣል፣ ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ያጥበዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ጭቃውን ሸሽቶ በጎን ይሄዳል፤ ቁስሉም ይሰፋል። ፒት ሲደርቅ ደግሞ ያመቀውን ካርቦን ወደ አየር ይለቃል። ቆም ብለው፣ ወደ ጎን ዞር ብለው ያሳልፉ። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ በስኒከርና በጂንስ ይቻላል?

መልስ፦ አይሆንም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማ አድርጊ። ጂንስ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ብርዱን ይዞ ይቆያል። ትርፍ ካልሲም አይጠፋ።

ጥያቄ፦ ውሻዬን ልውሰድ?

መልስ፦ ቤት ይቆይ። በጎች አሉ፤ በጸደይ ደግሞ ግልገሎች አሉ። አየርላንድ ውስጥ በሰው መሬት ላይ እንደልብ የመሄድ መብት የለም። ብዙውን ተራራ የምንወጣው በባለመሬቱ በጎ ፈቃድ ነው፤ ገበሬውን አናስቀይም።

ጥያቄ፦ ጉም ቢይዘኝስ?

መልስ፦ ካርታና ኮምፓስ ያዝ፤ የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል። ከተጎዳህ ወይም መንገዱ ከጠፋብህ 112 ወይም 999 ደውልና ማውንቴን ሬስኪዩ (የተራራ ነፍስ አድን ቡድን) እፈልጋለሁ በል። ያለህበትን ንገራቸው፣ ያለህን ልብስ ሁሉ ልበስ፣ ከዚያ አትንቀሳቀስ።