ሞዴሉን ከመምረጥሽ በፊት ስልክ የምታነሳውን ልጅ ጠይቂያት

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በቴሌግራም ታካሚዎችን የሚያናግር የኤአይ ረዳት እንድሠራለት ጠይቆኛል። ማሽን ለርኒንግ ግን በደንብ አልተማርኩም። መጀመሪያ ኮርስ ልውሰድ ወይስ ሥራውን ልቀበል? ከአራት ኪሎ።»

እህቴ፣ ሥራውን ተቀበዪው። ኮርሱ የትም አይሄድም።

ከጥያቄሽ እንደገባኝ ሞዴል (ጥያቄ አንብቦ መልስ የሚጽፈውን የኤአይ ፕሮግራም) ከዜሮ ማሠልጠን ያለብሽ መስሎሽ ነው የፈራሽው። እንዲህ ላለ ሥራ የተዘጋጀ ሞዴል በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራምሽ በኢንተርኔት ሞዴሉን በሚጠይቅበት መገናኛ፣ ትጠቀሚያለሽ። የቴሌግራም ቦቱን ቦት ከሚከፈትበት የቴሌግራሙ ቦትፋዘር መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ የክሊኒኩን ዋጋ፣ የሥራ ሰዓትና የሐኪሞቹን ፕሮግራም በጽሑፍ ታዘጋጃለሽ። ታካሚ ሲጠይቅ ፕሮግራምሽ ከጽሑፉ የሚመለከተውን ክፍል ፈልጎ ከጥያቄው ጋር ለሞዴሉ ይሰጠዋል፤ ሞዴሉም ከዚያ ተነስቶ ይመልሳል። ፓይተን ከቻልሽ ይህ አያቅትሽም።

ከባዱ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ማወቁ ነው። ላፕቶፕሽን ሳትከፍቺ ሪሴፕሽን ጋ ወንበር ለምኚና ተቀመጪ። ስልክ የምታነሳው ልጅ ቀኑን ሙሉ ምን ስትመልስ እንደምትውል አዳምጪ። «ማሳጠብ ስንት ነው?» «ማስነቀል በጣም ያማል እንዴ?» «ዶክተሩ ዛሬ አለ?» ሰው እንደተናገረው፣ ሳታርሚ ጻፊው። ስምና ስልክ ግን አትመዝግቢ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ከልጅቷና ከሐኪሙ አረጋግጪ።

ይህ ዝርዝር የሥራሽ ዋና ንብረት ነው። ፕሮምፕቱን (ለሞዴሉ የምትጽፊለትን መመሪያ) ወይም ሞዴሉን በቀየርሽ ቁጥር ጥያቄዎቹን በሙሉ እንደገና አስኪጃቸው። ብዙ ጀማሪ ባለቤቱ ፊት ሦስት ጥያቄ ይሞክርና ሲሳካ ጨረስኩ ይላል። በማግስቱ ታካሚው ያልታሰበ ነገር ይጠይቃል፣ ቦቱም ከራሱ ፈጥሮ ይመልሳል።

አማርኛ ላይ ደግሞ ከውጭ አገር ቪዲዮ የማታገኚያቸው ነገሮች አሉ። አንድ ታካሚ «ነገ 3 ሰዓት ያዙልኝ» ብሎ ጻፈ እንበል። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ማለታችን ነው፤ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 9 ሰዓት። ሞዴሉ ከሰዓት በኋላ አድርጎ ቢይዘውስ? ሰውየው ጠዋት መጥቶ ቀጠሮ የለህም ይባላል። ስለዚህ ቦቱ ሁልጊዜ «ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ልክ ነው?» ብሎ ያረጋግጥ። ሰዓቱንና የእኛን ቀን መቁጠሪያ ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይረው ደግሞ የጻፍሽው ኮድ ይሁን። ለሞዴሉ ግምት አትተዪው።

ሰው «ሐኪም»ንም «ሀኪም»ንም ይጽፋል፤ ብዙው ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ከፍለጋ በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ አምጪያቸው፣ የላቲኑንም መፈተኛ በሆነው የጥያቄ ዝርዝርሽ ውስጥ አስገቢው። አንተ ወይስ አንቺ የሚለው እንዳያስቸግርሽ በ«እርስዎ» ያናግር፤ ለክሊኒክም የሚመጥነው እሱ ነው። አማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፉን የሚከፋፍልበትና ክፍያው የሚቆጠርበት ቁራጭ) ስለሚበላ ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ወጪውን በአማርኛ ጽሑፍ ለክተሽ አስዪ።

ስለ ጤና ጉዳይ ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። ቦትሽ መድኃኒት አይዘዝ። እብጠት፣ ትኩሳት፣ የማይቆም ደም ከተጠቀሰ ወዲያው ወደ ሰው ያስተላልፍ። እ.ኤ.አ. በ2024 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የዳኝነት አካል የኤር ካናዳ ቻትቦት ዘመድ ሞቶበት ለሚጓዝ ሰው ስለሚሰጥ የቲኬት ቅናሽ ለተሳፋሪ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ አየር መንገዱን ካሣ አስከፍሎታል። ቦቱ ለራሱ ተጠያቂ ነው የሚለውን መከራከሪያ አልተቀበለም። የክሊኒኩ ባለቤት ይህን ከአሁኑ ይወቅ። እዚህም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አንብቢው። የታካሚ ስምና ስልክ በክሊኒኩ በኩል ይቀመጥ እንጂ ውጭ አገር ወዳለ ሞዴል አይላክ።

ውል ከመፈራረምሽ በፊት የሚቀር ጥያቄ፦ ኤፒአዩ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ የማን ካርድ ይሆናል? ዋጋ ሲቀየር መረጃውን ማን ያድሳል? ለመሥሪያው አንድ ጊዜ፣ ለክትትሉ ደግሞ በየወሩ አስከፍዪ። «ለልምድ ነው» ተብለሽ በነፃ እንዳትገቢበት አደራ። ነፃ የተሠራን ነገር የሚከታተለው የለም፣ አንቺም ትሰለቺያለሽ።

ሲቪሽ ላይ «ቻትቦት ሠርቻለሁ» ብለሽ አትለፊው። በስንት ጥያቄ እንደፈተንሽው፣ ስንቱን በትክክል እንደመለሰ፣ ያልቻለውን ለማን እንደሚያስተላልፍ ጻፊ። የፈተናውን ሰንጠረዥ ክሊኒኩን አስፈቅደሽ ለቃለ መጠይቅ ይዘሽው ሂጂ። ማሽን ለርኒንጉን ማታ ማታ ተማሪው፤ ያኔ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።